ተዋናይዋ ስትቀየር እህትየዋ ያቺው ናት?

ጥያቄ፣ ከማታ ተመልካች፦
ሁለት ምዕራፍ ሙሉ አንድም ክፍል ሳላሳልፍ የተከታተልኩት ድራማ ሦስተኛ ምዕራፉን ሲጀምር፣ ታላቅ እህት ሆና የምትተውነው ተዋናይት በሌላ ተተክታ አገኘኋት። ምክንያቱ አልተገለጸም፤ ቤተሰቡም ምንም እንዳልተፈጠረ በዚያው ስም ይጠራታል። አዲሷ ችሎታ የላትም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የፊተኛዋ ልትዋሽ ስትል የጣቷን ቀለበት በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ታዞር ነበር፤ ያቺን እንቅስቃሴ ባየን ቁጥር ውሸት እንደሚከተል ማንም ሳይነግረን እናውቅ ነበር። አዲሷ በመጀመሪያው ክፍል ለእናቷ ስትዋሽ እጆቿ ጭኗ ላይ እንዳረፉ ቀሩ፤ እህትየዋን ያጣኋትም በዚያች ቅጽበት ነው። ተዋናይ መሀል ላይ ከሚቀየር ገጸ ባሕርይው ከታሪኩ ቢወጣ አይሻልም ትላላችሁ?

መልስ፣ ከድራማ ወዳጅ፦
ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ሆኖም ተመልካችን የሚያስቀይመው መቀየሩ ሳይሆን እንዳልተቀየረ አድርጎ ማለፉ ይመስለኛል። የብሪታንያዋን ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥን ሕይወት የሚተርከው «ዘ ክራውን» በስድስት ምዕራፎቹ ሦስት ዋና ተዋንያትን አፈራርቋል፤ ክሌር ፎይ፣ ኦሊቪያ ኮልማንና ኢሜልዳ ስታውንተን እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምዕራፍ ተውነዋል። ሦስተኛው ምዕራፍ ሲከፈት ንግሥቲቱ አዲሱ የቴምብር ምስሏ ከአሮጌው ጎን ተደርጎ ይቀርብላታል፤ በአሮጌው ላይ ያለው የፎይ ገጽታ ነው፣ በአዲሱ ላይ ያለው የኮልማን። ያንን ትዕይንት ባየሁ ጊዜ አዘጋጆቹ ለእኛ ለተመልካቾች አክብሮት እንዳላቸው ተሰማኝ፤ መርዶውን ራሳቸው ነገሩን። «ዶክተር ሁ» የተባለው የብሪታንያ ተከታታይ ድራማም እ.ኤ.አ. በ1966 የዋና ተዋናዩ የዊሊያም ሃርትኔል ጤና እየደከመ ሲሄድ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ አካሉን የሚያድስ ፍጡር ነው ብሎ ፓትሪክ ትራውተንን ተካ፤ የመጣበትን ችግር የታሪኩ አካል አደረገው።

መልስ፣ ከጸጥታ ክፍል፦
ከላይ የተጠቀሱት ምሳሌዎች መልካም ቢሆኑም ለጠያቂያችን ጉዳይ የሚመጥኑ አይመስለኝም። በ«ዘ ክራውን» ዓመታት አልፈዋል፣ ንግሥቲቱም አርጅታለች፤ ለውጡ ገና ከመነሻው የታሰበበት ነበር። ወደ ጠያቂያችን ጉዳይ የሚቀርበው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በተባለው ድራማ ላይ ዳሪዮ ናሃሪስ የተባለው ገጸ ባሕርይ የደረሰበት ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ኤድ ስክራይን ረጅም ጸጉር ያለው፣ ጢሙን የተላጨ ወጣት አድርጎ ተውኖት ነበር፤ በአራተኛው ሚሂል ሃውስማን አጭር ጸጉርና ጢም ይዞ መጣ። ስሙን ሲጠሩት ባልሰማ ኖሮ ሌላ ሰው ነው ብዬ አልፈው ነበር። መተካት የማይገባበት ጊዜም አለ። በ«ብላክ ፓንተር» ፊልም ንጉሡን ሆኖ የተወነው ቻድዊክ ቦስማን እ.ኤ.አ. በ2020 ሲያርፍ ሠሪዎቹ ንጉሡን ለሌላ ተዋናይ አልሰጡትም፤ በ2022 በወጣው ተከታይ ፊልም ንጉሡም አረፈ፣ ቤተሰቡም አለቀሰለት። እኛም አብረን ለማልቀስ ዕድል አገኘን።

መልስ፣ ከመድረክ ጀርባ፦
እኔ ደግሞ ስለ ቀለበቱ ልጠይቅ። ያ እንቅስቃሴ የደራሲው ነበር ወይስ የተዋናይቷ? ተዋናይቷ በራሷ ያመጣችው ከሆነ ተተኪዋ ባትወስደው አልፈርድባትም፤ የሌላ ሰው ልማድ ሲኮረጅ ከእጅ ላይ ይታያል፣ ትወናውንም ያደርቀዋል። ሪቻርድ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ2002 ካረፈ በኋላ በ«ሃሪ ፖተር» ፊልሞች ውስጥ ያለውን አዛውንት ጠንቋይ ዳምብልዶርን የተረከበው ማይክል ጋምቦን የሃሪስን ለስላሳ አነጋገር ሊመስል አልሞከረም፤ የራሱን ፈጣንና ቁጡ አዛውንት ይዞ መጣ። እስካሁን ሃሪስን የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው፣ እኔም አንዱ ነኝ፤ ግን የጋምቦን ሰው የቆመ ሰው ነበር። ዳንኤል ክሬግም በ2005 ጄምስ ቦንድ እንዲሆን ሲመረጥ ጸጉሩ ወርቃማ ነው ተብሎ ሳይቀር ተቃውሞ ተነሥቶበት ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ፊልሙ ሲወጣ ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ስለዚህ ቢያንስ አራት አምስት ክፍል ይታገሷት እላለሁ። ልማዱ በድርሰቱ ውስጥ የተጻፈ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ምላሽ፣ ከማታ ተመልካች፦
ጥያቄዎ ስላሳሰበኝ ትናንት ማታ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተመልሼ ነበር። በሁለተኛው ክፍል አባትየው ሊሞት ሲል ያንን ቀለበት ከራሱ ጣት አውልቆ ያጠልቅላታል፣ እውነት እንድትናገርም ያስምላታል። ለካ የቀለበቱ ነገር ከድርሰቱ የመጣ ነው፤ እኔ ረስቼው ነበር። ከዚያም የሦስተኛውን ምዕራፍ የውሸት ትዕይንት አቁሜ የአዲሷን ተዋናይት እጆች አየሁ። ቀለበቱ ጣቷ ላይ የለም። እሷ ልታዞረው ያልፈለገችው ሳይሆን የሚያጠልቅላት ሰው ያልነበረ ነው። የተቀየምኩት በማይገባት ሰው ነበር፤ የሚቀጥለውን ክፍል እሷን ለማየት ብዬ እከፍተዋለሁ።