ማህተም ያለው የደብዳቤ ፎቶ እንዴት ይጣራል?

የዕድራችንን የቴሌግራም ግሩፕ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ሰሞኑን «የ200 ብር ኖት ሊቀየር ነው» የሚል፣ የባንክ አርማና ክብ ማህተም ያለበት የደብዳቤ ፎቶ ገብቶ ሰው ተሸብሯል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች የምር ስለተቀየሩ፣ በተለይ ትልልቆቹን «ውሸት ነው» ብሎ ማረጋጋት ከባድ ነው።

ፎቶውን በጎግል ሌንስ (በፎቶ መፈለጊያው) ፈለግኩት፤ የሚመሳሰሉ ደብዳቤዎች መጡ እንጂ ራሱ የለም። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ መቼና በምን እንደተነሳ የሚያሳየውን መረጃ ስለሚያራግፈው ፋይሉም አልጠቀመኝም። የለጠፈውን የፌስቡክ ገጽ ታሪክ ሳይ ቀድሞ የኳስ ገጽ ነበር፤ ስሙን ቀይሮ «ዜና» ሆኗል። ያጠራጥራል፣ ግን የገጹ መጠርጠር ብቻውን ደብዳቤውን ሐሰት አያደርገውም። ሰማያዊዋን የማረጋገጫ ምልክት ደግሞ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወርሃዊ ክፍያ ማግኘት ስለሚቻል ከነጭራሹ አልቆጥራትም። በባንኩ ይፋዊ ገጽ ማረጋገጫም ማስተባበያም አላገኘሁም። አንዱ አባል «ዝም ያሉት እውነት ስለሆነ ነው» ይለኛል፤ ምን ይባላል!

ደብዳቤው ላይ የወጪ ቁጥርና ቀን በግልጽ ይነበባል፤ ፊርማው ደብዝዟል። መሥሪያ ቤቱ ምንም ባላለበት ሁኔታ፣ ስልክ ብቻ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በምን መንገድ ማጣራት ይችላል?