የዲዛይን ታሪክ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጅማ እንጨት ሥራ ላይ ነኝ። የዘመናዊ ጌጥ ጥበብና የዲዛይን ታሪክ በራሴ ማጥናት እፈልጋለሁ። ከባውሃውስ ልጀምር?

መልስ፦ ባውሃውስ አሪፍ ነው፣ የዲዛይን ትምህርት ቤት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1919 ጀርመን ተከፍቶ በ1933 ተዘጋ። ግን ትንሽ ወደ ኋላ ሂድ። እ.ኤ.አ. በ1859 የወጣውን የቤት ዕቃ ሠሪውን የቶኔትን 14 ቁጥር ወንበር እይ። በእንፋሎት የታጠፈ 6 እንጨት፣ 10 ቪቴ፣ 2 ዳዶ፣ አለቀ! ተፈታቶ 36ቱ በአንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ስለሚገባ መርከብ ላይ ተጭኖ ዓለምን አዳረሰ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጅማን በርጩማም አትርሳ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሦስት እግር ሲያወጣ አንድም ሚስማር የለውም። ከቶኔት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠህ ንደፋቸው። ጅሬን ወጥተህ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራም እይ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ።