የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሥርዓተ ጾታ ምርምር ቡድን፦ ከየት እንጀምር?

ሦስተኛ ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥርዓተ ጾታ የምናጠና ስምንት ተማሪዎች የምርምር ቡድን ልንመሠርት ነው። ርዕሳችን በግቢያችን ሴት ተማሪዎች ላይ የሚደርስ ጾታዊ ትንኮሳ ነው። የደረሰባቸውን ፈልገን ቃለ መጠይቅ እናድርግ ወይስ መጠይቅ እንበትን? ፈቃድስ ከማን ነው? በጀት የለንም፤ ያለን አንድ ሴሚስተርና ፈቃደኛ አማካሪ ናቸው።

ጣና ዳር፦
እባካችሁ ተጎጂ ከመፈለግ አትጀምሩ። ዛሬ ያናገራችኋት ልጅ ነገ ካፌ አብራችሁ ትሰለፋለች፤ ከማን ጋር ተቀምጣ እንደነበር ዶርሙ ሁሉ ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የጥቃት ጥናት መመሪያም ከምንም በፊት የሚያስቀድመው የተጠያቂዋን ደኅንነት ነው።

በተሰበሰበ ዳታ እጃችሁን አፍታቱ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት (ኢዲኤችኤስ) 15,683 ሴቶችን አነጋግሯል፤ የባል ጥቃት፣ ግርዛትና ያለዕድሜ ጋብቻ ሁሉም አሉበት። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ክብደት ላይ ነው፤ ክብደት የእያንዳንዷ ተጠያቂ መልስ በስሌቱ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚወስን ቁጥር ነው። ለአጠቃላይ የሴቶች ፋይል ቪ005 (V005) የተባለውን የክብደት ዓምድ ለ1,000,000 አካፍሉ፤ ለጥቃት ክፍሉ ግን የሚካፈለው ዲ005 (D005) ነው። ጥቃትን የተጠየቀችው ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ስለሆነች፣ በቪ005 ከሠራችሁ ብዙ ሴቶች ያሉበት ቤት ድርሻው ያንሳል። ናሙናው 645 የቆጠራ ቦታዎችን የያዘና ለክልል ደረጃ የተሰላ ነው፤ የዞን ውጤት አታውጡበት።

ማዕዶት፦
ለልምምድ እስማማለሁ፤ ጥያቄያቸውን ግን አይመልስም። ኢዲኤችኤስ የሚሄደው ወደ መኖሪያ ቤት ነው፤ ዶርም የሚኖሩ ተማሪዎች ናሙናው ውስጥ የሉም። ስለ ግቢ ለማወቅ ግቢው ውስጥ መጠይቅ ያስፈልጋል።

የስንት ሴቶች ናሙና እንደሚያስፈልግ ስሌቱ ይኸው፦ ግምቱ 50 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ ሲሆን 384 ይመጣል። ሴት ተማሪዎቹ 3,000 ከሆኑ ለትንሽ ሕዝብ በሚደረገው ማስተካከያ 341 ይሆናል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 375። ዕጣውን ከሬጅስትራር ዝርዝር አውጡ። ዶርም ለዶርም እየዞራችሁ ያገኛችሁትን ከሞላችሁ ቤተ መጻሕፍት የሚያመሹት ይቀሩባችኋል።

«ትንኮሳ ደርሶብሽ ያውቃል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የለመዱትን ነገር ትንኮሳ ብለው የማይቆጥሩ ብዙ ናቸው። ድርጊቱን ጥቀሱ፦ «ባለፉት 12 ወራት ሳትፈቅጂ ሰውነትሽን የነካ ሰው ነበር?» ዲፓርትመንት፣ ዓመትና የመጡበት ክልል አንድ ወረቀት ላይ ከተገናኙ ስም ባይጻፍም ልጅቷ ትታወቃለች፤ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ጠይቁ። መጠይቁን መምህር ባለበት ክፍል አታስሞሉ። ፖስታና የተዘጋ ሣጥን ይበቃል።

ቀለም ቀንድ፦
ስለ ፈቃድ፦ ፕሮፖዛሉ በአማካሪያችሁና በዲፓርትመንቱ በኩል ወደ ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ይሄዳል። አንድም መጠይቅ ከመበተኑ በፊት ነው ይህ የሚያልቀው፤ ዳታ ከተሰበሰበ በኋላ ፈቃድ መለመን አያዋጣም፣ ጆርናልም አይቀበለውም። የስምምነት ቅጹ ላይ አታስፈርሙ፤ ፊርማው ራሱ ስም የሚገኝበት ብቸኛ ሰነድ ይሆናል። ምልክት ማድረግ በቂ መሆኑን በፕሮፖዛሉ አስረዱ። ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን አታካትቱ፤ የወላጅ ፈቃድ ስትጠይቁ ርዕሱ ቤተሰብ ጆሮ ይደርሳል።

የክሊኒኩ፣ የምክር አገልግሎቱና የሥርዓተ ጾታ ቢሮው አድራሻ ያለበትን ወረቀት ለሁሉም ስጡ። ደርሶብኛል ላሉት ብቻ ከሰጣችሁ፣ ወረቀቱን የያዘችው ሁሉ ትታወቃለች።

ሦስተኛ ዓመት፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አንዱን ዳታ ስምንታችንም ለመመረቂያ ጽሑፍ መጠቀም እንችላለን?

ቀለም ቀንድ፦
ዲፓርትመንቱ በጽሑፍ ከፈቀደ አዎ፤ ግን የእያንዳንዳችሁ ጥያቄ የተለየ ይሁን። አንዷ የት ቦታ እንደሚበዛ፣ ሌላዋ ለምን ሪፖርት እንደማይደረግ፣ ሌላው ከትምህርት ማቋረጥ ጋር ያለውን ግንኙነት። በጋራ ለሚታተም ጽሑፍ የስም ቅደም ተከተሉን ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት ተፈራረሙ፤ ከውጤት በኋላ ሲሆን ጠብ ነው። ዳታውን ሁለት ሰው ለየብቻ ያስገባው፤ ሁለቱን ፋይሎች አስተያይታችሁ የተለያየውን ቁጥር ከወረቀቱ አጣሩ።