የጽዳት ድርጅት ልግዛ ወይስ ከዜሮ ልጀምር? (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሆቴል ውስጥ ክፍል ሳጸዳ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ወገቤም አለቀ፣ ሱፐርቫይዘርም ሰለቸኝ። አንድ ሽማግሌ ጡረታ ልወጣ ነው ብለው የቢሮ ጽዳት ሥራቸውን እየሸጡ ነው። ስድስት ቢሮና አንድ የጥርስ ክሊኒክ አላቸው። በወር 9,000 ዶላር ይገባል ይላሉ። የጠየቁት 70,000 ነው፤ ቫኗና የወለል ማሽኑ አብረው ናቸው። ባለቤቴ «ቫክዩም በ70 ሺህ ልትገዢ ነው» እያለ ይስቃል። ምን ልጠይቃቸው?

የማታ ፈረቃ፦
እህቴ፣ ባልሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ዋናው ዕቃው ሳይሆን ውሉ ነው። አንድ በአንድ አንብቢው። አብዛኛውን የቢሮ ጽዳት ውል ደንበኛው በ30 ቀን ማስታወቂያ፣ ያለ ምንም ምክንያት ሊያቋርጠው ይችላል። ያለ ደንበኛው ፈቃድ ለሌላ አይተላለፍም የሚልም አለ። ስለዚህ ሙሉውን ባንዴ እንዳትከፍዪ። ግማሹን አሁን፣ ቀሪውን በዓመት ውስጥ፤ ደንበኛ ከሄደ ዋጋው ይቀንሳል ብላችሁ ተዋዋሉ።

ደግሞ ማታ አብረሻቸው ሥራ ውጪ። የሚያጸዳው ማን ነው? እሳቸውና ሚስታቸው ከሆኑ፣ ትርፍ የሚሉት የራሳቸው ደሞዝ ነው። ድርጅት ገዛሁ ብሎ የማታ ሥራ የገዛ ስንቱን አውቃለሁ።

ታክስ ሠሪው፦
የሦስት ዓመት የታክስ ትራንስክሪፕት (ያሳወቁት ገቢ ማጠቃለያ) ከአይአርኤስ፣ ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ አውጥተው ያሳዩሽ። «በካሽ የምቀበለው አለ፣ እዛ ላይ የለም» ካሉሽ፣ ለሌለው አትክፈዪ። ኤልኤልሲ (በሕግ የተመዘገበ ኩባንያ) ካላቸው እሱን ራሱን አትግዢ፤ ዕዳውና ክሱ አብሮ ይመጣል። ውሉን፣ ዕቃውንና ስሙን ብቻ ግዢ። ዋጋው በምን በምን እንደተከፋፈለ ሁለታችሁም ለአይአርኤስ በፎርም 8594 ታሳውቃላችሁ።

ሠራተኞቹን በ1099፣ ማለትም እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ኮንትራክተር ነው የሚከፍሏቸው? እንደዛ ከሆነ ሒሳቡን እንደገና ሥሪው። በደብሊው-2፣ ማለትም እንደ መደበኛ ተቀጣሪ ስትቀጥሪ ከደሞዛቸው ሌላ 7.65 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከኪስሽ ይወጣል። የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስም አለ።

ጠያቂዋ፦
ኧረ ተባረኩ! ደወልኩላቸው። የክሊኒኩ ውል በቃል ነው አሉኝ። ከ9,000ው 2,600ው እኮ የሱ ነው!

የማታ ፈረቃ፦
እንግዲያው ክሊኒኩን ከዋጋው አውጪው። ካልሆነም ከመፈራረማችሁ በፊት ከማናጀሩ ጋር ያገናኙሽና አዲስ ውል በስምሽ ይጻፍ። ተመልሰው እነዚሁን ደንበኞች እንዳይወስዱም አስፈርሚያቸው፤ ቤት መቀመጥ ሊሰለቻቸው ይችላል። ቫኗንም መካኒክ ሳያያት እንዳትረከቢ።