የሱቅ እንጀራ ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩ የመናገር ግዴታ ይኑርበት? (ክርክር)

የአራት ኪሎዋ፦
እዚህ የምንለዋወጠው ስለ ሽሮ አሠራር፣ ስለ በርበሬ ቅመም፣ ስለ ምስር ወጥ ነው፤ ደስ ይላል። ወጡ የሚበላበት እንጀራ ግን ሳይነሣ ይቀራል፤ ብዙዎቻችን ከሱቅ ስለምንገዛው ይመስለኛል። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ምጣድ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ቦታ ቢኖረውም አከራዩ «ምጣድ መብራት ይበላል» ብሎ ይከለክለዋል። ስለዚህ እንገዛለን። «የጤፍ ነው?» ስንል መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። በማግስቱ ጠቅለል ስናደርገው ይሰነጠቃል።

አቋሜን ልናገር። ጤፍን ከማሽላ፣ ከሩዝ ወይም ከበቆሎ ቀላቅሎ መጋገር ነውር አይደለም። ቀላቅሎ «ንጹሕ ጤፍ» ብሎ መሸጥ ግን ማጭበርበር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ብስኩት ስንገዛ ዱቄቱ፣ ስኳሩና ዘይቱ ተጽፎ እናያለን። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የምንቆርሰው እንጀራ ላይ መብቱ የት ገባ? ሻጭ የገባበትን እህል የመናገር ግዴታ ይኑርበት እላለሁ። የምትቃወሙ ኑ፤ እንጀራ የምትጋግሩም ካላችሁ እባካችሁ ተናገሩ።

የካዛንቺሱ ልጅ፦
እህቴ፣ ሐሳብሽ ቅን ነው፤ የሚጎዳው ግን ደሃውን ነው። በ2015 ጤፍ ኩንታሉ ከ10,000 ብር ሲያልፍ ጋጋሪዎቹ ምን ምርጫ ነበራቸው? ወይ ዋጋ መጨመር፣ ወይ እንጀራውን ማሳነስ፣ ወይ መቀላቀል። ቀላቀሉና ብዙ ሰው ሳይራብ አለፈ። አሁን «ይህ ድብልቅ ነው» ተብሎ ቢለጠፍ ድብልቁን የሚገዛ ሰው ጎረቤቱ እያየው ሊገዛ ነው። ያልቸገረው ነጩን የማኛ ጤፍ እንጀራ ይዞ ይወጣል፣ የቸገረው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ግዴታ ከተባለ ደግሞ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ተቆጣጣሪ ከመጣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር የትልልቅ አከፋፋዮችን አይሆንም፣ በአንድ ምጣድ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት በር ነው።

ከጉለሌ፦
ድብልቅ መብላት አንገት የሚያስደፋው መቼ ጀምሮ ነው? ሐረርጌ ስንት ቤተሰብ የማሽላ እንጀራ እየበላ ነው ያደገው። ጎጃም ዳጉሳ ከጤፍ ጋር ይቀላቀላል፤ እናቶቻችን «ሆድ ይይዛል» ብለው ወደውት ነው። አንገት ያስደፋው መደበቁ ነው። በግልጽ ሲነገር የነበረ ነገር ሱቅ ሲገባ ምስጢር ሆነ።

የአራት ኪሎዋ፦
ከጉለሌ የጻፍከው/ሽው፣ ይህን ነጥብ ከልቤ እጋራለሁ። የካዛንቺሱ ወንድሜ፣ የተቆጣጣሪውን ስጋት አልንቀውም፤ እመለስበታለሁ።

ጋጋሪ ከቀበና፦
ሁላችሁንም አነበብኩ፤ ልጆቼ ናችሁ፣ በግልጽ ልንገራችሁ። እኔ እጋግራለሁ፣ ለሱቆች አቀርባለሁ። እቀላቅላለሁ። ማንም ጠይቆኝ ዋሽቼ አላውቅም፤ ነገር ግን እኔን የሚጠይቀኝ የለም፣ የሚጠየቀው ባለሱቁ ነው።

ደንበኛ ምን እንደሚፈልግ ላስረዳችሁ። ነጭ ይሁን፣ ሰፊ ይሁን፣ ስስ ይሁን፣ አይኑ ይብዛ፣ ዋጋው አይጨምር። ከዋጋው በቀር እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሟላ ንጹሕ ጤፍ ማኛ ብቻ ነው፤ ማኛ ጋግሬ በምትከፍሉኝ ዋጋ ብሸጥ በሳምንቱ ምጣዴን እሸጣለሁ። ቀይ ጤፍ ንጹሑን ጋግሬ ሳቀርብ ደግሞ «ጠቆረ» ተብሎ ይመለስልኛል። ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ሰርገኛ ጤፍም ያው ነው። ስለዚህ ሩዝ የገባው እናንተ ነጭ ስለምትወዱ ጭምር ነው። ሩዝ ያነጣል፣ ያብለጨልጫል፣ ዕለቱን ለዐይን ያምራል። ሲያድር ግን ይደርቃል። በእኔ እጅ ሩዝ ከሩብ ሲያልፍ በማግስቱ ለፍርፍር እንጂ ለመጠቅለል አይሆንም። አራት ኪሎ ያለሽው ልጄ፣ የተሰነጠቀብሽ ይኼ ነው።

ማሽላ ይሻላል፣ አያያዙን ለሚያውቅ። ቤታችሁ ምጣድ ያላችሁ ሞክሩት፦ ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ነጭ ማሽላ፣ ከተቻለ ወፍጮ ቤት ሳይሄድ ጥቂት አብሽ ጣል ይደረግበት። አብሽ ሊጡን ያለሰልሳል፤ ሲበዛ ግን ይመራል፣ ጥቂት ያልኩት ለዚህ ነው። ዱቄቱ በእርሾ ይቦካል። እንደ አየሩ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ በሐምሌ ብርድ ይዘገያል፣ በመጋቢት ሙቀት ይፈጥናል፣ ቀን ከመቁጠር ማሽተት ይሻላል። ላዩ ላይ የቆመው ውሃ ይደፋና አብሲት ይጣላል፤ ማለትም ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውሃ ይበስላል። ማሽላ ያለበት ሊጥ አብሲቱ ከንጹሕ ጤፍ በዛ ብሎ፣ ወፈር ብሎ መሆን አለበት፤ አብሲቱ ካነሰ እንጀራው ይሰባበራል። አብሲቱ ፍል ሆኖ ወደ ሊጡ አይመለስም፣ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ሊጡ ኩፍ እስኪል መጠበቅ ነው። ምጣዱ በደንብ ሳይግል አትጀምሩ፣ አይኑ ሳይወጣ አትክደኑ፣ ትኩሱን በትኩስ ላይ አትደራርቡ፤ የተደራረበ ትኩስ እንጀራ ያልበዋል፣ ይጣበቃል።

እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ ይጨመራል ተብሎ የሚወራውን እኔም ሰምቻለሁ። እርሱ ወንጀል ነው፣ ከእኛ ሥራ ጋር በአንድ ስም አትጥሩት። ማሽላ እህል ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። መናገሩን አልፈራም። የምፈራው ከተነገረ በኋላ «ድብልቅ ከሆነ ቀንሺ» መባሉን ነው። ድብልቁም እኮ መብራት፣ ውሃ፣ ወፍጮ፣ ወገብ ይበላል።

የካዛንቺሱ ልጅ፦
እናቴ፣ እርስዎን ነበር ማለት የፈለግኩት። ግዴታው የሚወድቀው እርስዎ ላይ ነው።

የነርስ ልጅ፦
እናቴ ነርስ ናት፣ አባቴ ደግሞ ስኳር አለበት፤ ስለዚህ ይህ ክርክር ለእኔ የምሳ ጉዳይ ነው። ጤፍ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ቅርፊቱ አይወልቅም፣ ከነቅርፊቱ ነው የሚፈጨው። አሰሩ አብሮ ይበላል። ነጭ ሩዝ ግን ተፈትጎ ቅርፊቱ የሄደ ነው፣ የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋል። አባቴ «ጤፍ ነው» ብሎ ልኩን አስቦ ይበላል፤ ሩዝ መሆኑን ካላወቀ ልኩ የተሳሳተ ነው።

ሌላም አለ። ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን የማይስማማቸው ሰዎች አሉ። ጤፍ ግሉተን የለውም። ማሽላ፣ ሩዝና በቆሎም የላቸውም። ስንዴና ገብስ ግን አላቸው። ለእነዚህ ሰዎች «ድብልቅ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይጠቅማቸውም፤ ከምን ጋር እንደተደባለቀ ነው ማወቅ ያለባቸው። ከማሽላ ጋር ከሆነ ይበላሉ፣ ከስንዴ ጋር ከሆነ ይታመማሉ። መጠኑን በመቶኛ ማስላት አያስፈልግም፣ የእህሉ ስም ይበቃል። አንገት መድፋት የተባለውን ወንድሜ አስቦ የተናገረው ነው፤ ነገር ግን ታሞ የሚተኛ ሰውም አለና እርሱንም ያስብልን።

ወፍጮ ቤት የምሠራ፦
ስለ ስንዴ የተባለው ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ከፊታችሁ የተሰለፈው ሰው ስንዴ አስፈጭቶ ከሄደ፣ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ዱቄት ከእናንተ ጤፍ ጋር ነው የሚወጣው። ጋጋሪዋ ምንም ሳትቀላቅል ማለት ነው። ግሉተን የሚያሳምመው ሰው ያለበት ቤት ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ይፈልግ፤ ካጣ ደግሞ ከጤፍ ቀጥሎ ይሰለፍ፣ የመጀመሪያውንም ዱቄት ለብቻው ያስቀምጥ። እንዲያም ሆኖ ሙሉ ለሙሉ ንጹሕ ነው ብዬ አልምልላችሁም።

ሩዝ ለምታስፈጩ፦ አጥባችሁ ካመጣችሁ በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ሩዝ ወፍጮውን ያጣብቃል፣ ዱቄቱም ይሻግታል።

ባለሱቅ፣ ፒያሳ አካባቢ፦
ስሜ ስለተነሣ ልመልስ። እኔ ከተለያዩ ጋጋሪዎች ነው የምረከበው። ጠዋት ይመጣል፣ ይደራረባል፣ እስከ ማታ ያልቃል። የትኛው የማን እንደሆነ ከሰዓት ላይ እኔም አላውቀውም። «ጤፍ ነው?» ስባል «አዎ» የምለው ጤፍ ስላለበት ነው። ግዴታ ይሁን ካላችሁ የእያንዳንዷን ጋጋሪ ለብቻ የማስቀምጥበት ቦታ ስጡኝ፤ ሱቄ ሁለት ሰው አያስቆምም።

የአራት ኪሎዋ፦
ወንድሜ፣ «ጤፍ ስላለበት» የሚለውን መልስ አልቀበልም። ውሃ የተጨመረበት ወተት ውስጥም ወተት አለ። የቦታው ነገር ግን እውነት ነው።

ከመርካቶ፦
ሥሩን አልነካችሁትም። ጤፍ የተወደደው ለምንድነው? በ1998 እህሉና ዱቄቱ ወደ ውጭ እንዳይላክ ታገደ፣ በዚያው ዓመት ደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ቁንጮ የሚባለውን ዝርያ አወጣ፣ ምርቱም አደገ። እዚህ እህል ገበያው፣ እህል በረንዳ፣ ዋጋው ወርዶ ግን አላየሁም። ስለ ምልክት ከመከራከር ስለ ዋጋው ብንጮህ ይሻላል።

የነርስ ልጅ፦
ስለ ዋጋውም እንጩህ። አባቴ ግን ዛሬ ምሳ ይበላል።

ድሮ ካዛንቺስ፣ አሁን ሩቅ፦
አንድ ነገር ሳይነገር እንዳይቀር። ድሮ ይህ ጥያቄ አልነበረም፣ ምክንያቱም የጋገረችውን ሴት እናውቃት ነበር። ግቢያችን ውስጥ ነበር የምትጋግረው። ጤፍ ስታበጥር አይተናል፣ ማሽላ የጨመረች ሳምንት ራሷ ትነግረናለች፣ ለስኳር ታማሚ ለብቻው ታወጣለች። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ ጋጋሪዋ ወደ አንዱ ጫፍ ሄደች፣ እኛ ወደ ሌላው። አሁን የምበላውን እንጀራ ማን እንደጋገረው አላውቅም። የአዋጅ ቁጥር የሚያስጠቅሰን ይህ ነው። ጎረቤት ያደርገው የነበረውን ነገር ካርቶን ላይ የተጻፈ ቃል ካልሠራልን በምን ይተካል? እኔ ግዴታውን የምደግፈው ለዚህ ነው።

የካዛንቺሱ ልጅ፦
የአንድ ሰፈር ልጆች ነን ማለት ነው። የጻፍከው አሳመመኝ። ግን ከዚያው ተነሥቼ ሌላ ቦታ ነው የምደርሰው። ያቺ ሴት እኮ ንግድ ፈቃድ አልነበራትም። ግዴታ ቢሆን ኖሮ ለእኛ መጋገር ትችል ነበር?

የአራት ኪሎዋ፦
ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ እስካሁን ከተባለው ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ስለዚህ ያልኩትን ላስተካክል። ግዴታው ጋጋሪዋ ላይ አይሁን፣ የሚሸጠው ሱቅ ላይ ይሁን። ፈቃድ ያለው፣ ግብር የሚከፍለው፣ ከሸማቹ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው እርሱ ነው። ሲረከብ «ምን ገብቶበታል?» ብሎ ይጠይቅ፣ የተነገረውን በካርቶን ላይ ይጻፍ፦ «ጤፍ»፣ «ጤፍና ማሽላ»፣ «ጤፍና ሩዝ»። ቦታ ከሌለው እህላቸው የሚመሳሰለውን አንድ ላይ ይደርድር፤ ሁለት ክምር ለማንም ሱቅ አይከብድም። «ንጹሕ ጤፍ» ብሎ ጽፎ ሌላ የሸጠ ይጠየቅ፤ «ጤፍና ሩዝ» ብሎ የጻፈን ማንም አይንካው። ጀሶ የሚጨምረው ላይ ደግሞ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ ምግብን በባዕድ ነገር መበረዝ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው።

ለጋጋሪዋ እናታችን፦ ዋጋ ቀንሺ የሚልዎትን ሰው እዚሁ እንከራከረዋለን። ማሽላው ከነአሠራሩ በግልጽ ከተነገረ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ አንዷ ነኝ።

ጋጋሪ ከቀበና፦
እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። የማስረክባቸውን ሱቆች ሰኞ እነግራቸዋለሁ። ቀይ ጤፍ ንጹሑንም ለየት አድርጌ ላወጣ እችላለሁ፤ ግን «ጠቆረ» ብላችሁ እንዳትመልሱብኝ፣ በቀን የሚፈልገውን ሰው ብዛት ባለሱቁ ቀድሞ ይንገረኝ። የነርሷ ልጅ፣ አባትሽ ስንት እንጀራ እንደሚበቃቸው ንገሪኝ፣ በእነርሱ ልጀምር።

የነርስ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ እማማ። በውስጥ መስመር እጽፍልዎታለሁ።

ባለሱቅ፣ ፒያሳ አካባቢ፦
ሁለት ክምር እችላለሁ። ሦስት ካላችሁኝ አልችልም።

የካዛንቺሱ ልጅ፦
በፈቃድ ከሆነ እኔም ካርቶኑን እጽፋለሁ። ግዴታ መባሉን ግን አሁንም እቃወማለሁ፤ ሱቁ ላይ የተጣለው ቅጣት ዞሮ ከጋጋሪዋ ሒሳብ እንደሚቀነስ አውቃለሁና። ለዚህ መልስ ያለው ይጻፍልኝ።