«ስኩዌር ሩት ከቁጥሩ ያንሳል» ማለት ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። «የአንድ ቁጥር ስኩዌር ሩት ከራሱ ከቁጥሩ ያንሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ነኝ። 9 እና 3፣ 100 እና 10 ይስማሙበታል። የ0.25 ግን 0.5 ነው፤ በለጠ። የሚያሳስተው አባባሉ ነው ወይስ ሒሳቡ?

ምላሽ፦ ሒሳቡ ንጹሕ ነው። የሚያሳስቱት «ማባዛት» እና «ሥር» (የ«ሩት» አማርኛው) የሚሉት ቃላት ናቸው።

«ማባዛት» የመጣው ከ«በዛ» ነው። «ብዙ፣ ተባዙ» ሲባል መቀነስ የሚመጣበት ሰው የለም። በሒሳብ ግን 20ን በ0.5 ማባዛት የ20ን ግማሽ መውሰድ ነውና 10 ብቻ ይቀራል። ማባዣው ከ1 ካነሰ «የበዛው» ቁጥር ያንሳል ማለት ነው። ስኩዌር ሩት ደግሞ በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን መልሶ የሚሰጥ፣ ከዜሮ የማያንስ ቁጥር ነው። 0.5ን በ0.5 ስናባዛ የግማሽን ግማሽ ወሰድን፤ ሩብ ሆነ፣ 0.25። ስለዚህ ሩቡ ከሥሩ አነሰ።

«ሥር» በአማርኛ ሁለት ቦታ ይውላል፦ የዛፍ ሥር አለ፣ ከጠረጴዛው ሥር የሚባልም አለ። ሁለተኛው «ከበታች» ስለሆነ ሰሚው ሳያውቀው «ያነሰ» ብሎ ይይዘዋል። ሒሳቡ የሚፈልገው የመጀመሪያውን፣ ቁጥሩ የበቀለበትን ነው። የሒሳብ ሊቁ አል ኽዋሪዝሚም በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ሲጽፍ የተጠቀመበት «ጂዝር» የተክል ሥር ማለት ነው።

ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ቢጽፉት ይሻላል፦ «ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ከስኩዌር ሩቱ ይበልጣል፤ በ0 እና በ1 መካከል ያለ ቁጥር ከስኩዌር ሩቱ ያንሳል፤ 0 እና 1 ከስኩዌር ሩታቸው ጋር እኩል ናቸው።» ኔጋቲቭ ቁጥር ከሪል ቁጥሮች (በቁጥር መስመር ላይ ካሉት) መካከል ስኩዌር ሩት ስለሌለው ማነጻጸሩ አይነሳም።

ሌላ ምላሽ፦ ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ለማስረዳት ግን 4ን ምሳሌ አታድርጉ። የ4 ስኩዌር ሩት 2 ነው፤ የ4 ግማሽም 2 ነው። አንባቢው «ሩት ማውጣት» እና «ለሁለት መክፈል» አንድ መስለውት ይቀራሉ፣ ወደ 16 ሲደርስም 8 ይላል። ከ1 በታች ደግሞ 0.25 ያው ችግር አለበት፦ ሥሩ 0.5፣ እጥፉም 0.5። 16 እና 0.09 ይሻላሉ፤ የ0.09 ሥር 0.3 ነው፣ እጥፉ ግን 0.18። በክፍልፋይ ከሆነ 4/9 ጥሩ ነው፦ ሥሩ 2/3፣ ማለትም 6/9 ስለሆነ መብለጡ በዓይን ይታያል።

ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት የ0.9 ሥር 0.3 ነው ማለት ነው። 0.3 በ0.3 የሚሰጠው 0.09 ነው። መፍትሔው ከአስርዮሽ ነጥቡ ወደ ቀኝ አሃዞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ መቁጠር ነው። 0.9ን 0.90 ብለን እንጻፍ፤ የመጀመሪያው ጥንድ 90 ነው። 90 በ81 እና በ100 መካከል ስላለ ሥሩ በ9 እና በ10 መካከል ነው። ከአንድ ጥንድ ሥሩ ላይ አንድ አሃዝ ስለሚወጣ መልሱ 0.9 ከምናምን ይሆናል፤ በትክክል ሲሰላ 0.9487 ገደማ። በዚሁ መንገድ የ0.4 ሥር 0.2 ሳይሆን 0.632 ገደማ ነው። ከ1 በታች ያለ ቁጥር ሥሩ ከራሱ አንሶ ከተገኘ ስሌቱ ተሳስቷል፤ ይህን ለማወቅ ካልኩሌተር አያስፈልግም።

ጠያቂው፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ ስፋቱ 0.25 ካሬ ሜትር የሆነ ካሬ ጎኑ 0.5 ሜትር ነው። «ጎኑ ከስፋቱ ይበልጣል» ልበል?

ምላሽ፦ አይበሉ። ያንኑ ካሬ በሴንቲ ሜትር ይለኩት፦ ስፋቱ 2500 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ጎኑ 50 ሴንቲ ሜትር። ካሬው አልተነካም፣ «የሚበልጠው» ግን ተገለባበጠ። ርዝመትና ስፋት ዓይነታቸው የተለያየ ስለሆነ «ይበልጣል» እና «ያንሳል» በመካከላቸው አይገቡም። ማነጻጸሩ የሚሠራው መለኪያ ላልተጠጋባቸው ባዶ ቁጥሮች ብቻ ነው።

ሌላ ምላሽ፦ አንድን ቁጥር ከሌላ ቁጥር ሥር ጋር ማነጻጸር ሲመጣም ቃላቱ ያደናግራሉ። 7 ይበልጣል ወይስ √50 (የ50 ስኩዌር ሩት)? ሁለቱንም በራሳቸው አባዙ፦ 49 እና 50። ስለዚህ √50 በጥቂት ይበልጣል። 3√2 እና 2√5ም እንዲሁ 18 እና 20 ይሆናሉ፤ ሁለተኛው ይበልጣል። ይህ የሚሠራው ሁለቱም ወገኖች ከዜሮ የማያንሱ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ −5ን ከ√9 ጋር ብናነጻጽር 25 እና 9 ይመጣና −5 የበለጠ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቱን ማየት ነው።

«ከሥሩ ጋር እኩል የሆነ ቁጥር» የሚለውን በስሌት የሚፈልግ ደግሞ x = √x ብሎ ሁለቱንም ወገን በራሱ ያባዛል፤ x² = x ይሆናል። እዚህ ላይ በx ማካፈል 0ን ያስጥላል፣ 1 ብቻ ይቀራል። x(x − 1) = 0 ብሎ መዘርዘር ሁለቱንም ያወጣል።

የ0.25 ነገርም ለብቻው ይታይ። ከ0 እስከ 1 ባለው ክልል ሥሩ ቁጥሩን በብዛት የሚበልጠው እዚያ ነው፤ ልዩነቱም ራሱ 0.25 ነው። √x − x የሚለው 1/4 − (√x − 1/2)² ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በቅንፉ ያለው በራሱ ስለሚባዛ ከዜሮ አያንስም፤ ዜሮ የሚሆነው √x ግማሽ ሲሆን ብቻ ነው። ጠያቂያችን ደንቡ «አልሠራ» ያላቸው ልዩነቱ ጎልቶ በሚታይበት ቁጥር ላይ ነው።