ያስጠጉን ኤጲስኮፓሎች ከፋሲካ በኋላ ፕሮግራማቸው ላይ ጠሩን፣ እንዴት ነው መሄድ ያለብን?

የሰንበቴ_ልጅ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! በዓለ ሃምሳ ላይ ስለሆንን በዚህ ልጀምር ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

እኛ ሜሪላንድ ነን፣ ቤተክርስቲያናችን ገና የራሷ ህንፃ የላትም፣ 8 አመት ሙሉ የምንቀድሰው ኤጲስኮፓል (የአሜሪካ አንግሊካኖች) ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው። እሁድ ሌሊት 11 ሰአት እንገባለን፣ ጠዋት 3 ሰአት ላይ ጠራርገን እንወጣለን፣ እነሱ 4 ሰአት ተኩል ይጀምራሉ። በር ላይ ጉድ ሞርኒንግ ተባብለን እንተላለፋለን፣ በቃ ይሄው ነው ግንኙነታችን።

ዘንድሮ የነሱ ፋሲካ ኤፕሪል 5 የኛ ደግሞ ኤፕሪል 12 ማለትም ሚያዝያ 4 ነበር የዋለው፣ ስለዚህ እኛ ሰሙነ ሕማማት ስንገባ ቤተክርስቲያኑ በነሱ ፋሲካ አበባ ተሞልቶ ነበር፣ ነጭ ሊሊ በየጥጉ። ሐሙስ ማታ ለእግር አጠባው መጥተን ስንወጣ አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ አልታር ጊልድ የሚሉት ውስጥ ያሉ፣ መቅደሱን የሚያዘጋጁት ማለት ነው፣ ልጄን ጠሯትና ነገ የናንተ ስቅለት ነው ወይ ብለው ጠየቋት፣ አዎ አለቻቸው። አርብ ጠዋት ስንመጣ አንድም አበባ የለም! እቃ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ደርድረውታል፣ ከሃያ በላይ ማሰሮ ነው፣ እኚህ እናት ሰባ አምስት አመት ያልፋቸዋል። እኛም ባዶ ቦታ ላይ ስንሰግድ ዋልን። ቅዳሜ ማታ ለትንሣኤ ስንመጣ ደግሞ አበባው ሁሉ ቦታው ተመልሷል፣ ውሃ ጠጥቷል፣ የደረቀው ቅጠል ተለቅሟል። ስማቸውን የጠየቅኳቸው ያን ቀን ነው፣ በ8 አመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ሌሊቱን ቅዳሴ ላይ ቆሜ እሱ ነበር የሚያንገበግበኝ።

አሁን ደግሞ ቄሳቸው (ሴት ናቸው) ደብዳቤ ላኩልን፣ ሜይ 9 ቅዳሜ የችግኝ ሽያጭ አላቸው ገቢው ለፉድ ፓንትሪያቸው (ለተቸገረ ሰው ምግብ ለሚያድሉበት) ነው፣ በነጋታው እሁድ ሜይ 10 ከቅዳሴያቸው በኋላ በግቢውና በሰፈሩ ዞረው ይጸልያሉ፣ ከዛ አዳራሽ ውስጥ አብረን እንብላ፣ ቡናውን ደግሞ እናንተ በባህላችሁ ብታፈሉልን ደስ ይለናል የሚል ነው። ሰበካ ጉባኤ ላይ ሲነሳ ሁለት ቦታ ተከፈልን። ግማሹ እንሂድ አለ፣ ሌላው ደግሞ ኪራያችንን እየከፈልን ነው፣ ሃይማኖት መቀላቀል አያስፈልግም አለ። የኋለኞቹንም አልነቅፍም፣ ለእምነታቸው ተጨንቀው ነው።

ጥያቄዬ፣ እነዚህ ሰዎች ከፋሲካ በኋላ የሚያደርጉት ምንድነው በትክክል? ብንሄድ ምን ይጠበቅብናል፣ ምን እንይዛለን፣ ምንስ መጠንቀቅ አለብን? የምታውቁ ንገሩኝ፣ እሁድ መልስ መስጠት አለብን።

ከቬስትሪ_የወጣሁ

እውነት ተነሥቷል እህቴ! እኔ ባለቤቴ ኤጲስኮፓል ነው፣ ከሱ ጋር አስራ አንድ አመት ሄጃለሁ፣ ሶስቱን አመት ቬስትሪ ውስጥ አገልግያለሁ፣ ቬስትሪ ማለት የኛ ሰበካ ጉባኤ በይው፣ ምእመናን መርጠዋቸው ስለ ገንዘቡ ስለ ህንፃው የሚወስኑ ናቸው። ስለዚህ ደብዳቤው ከቄሷ ብቻ የመጣ እንዳይመስልሽ፣ አዳራሽና ኩሽና ስላለበት ቬስትሪው ሳይነጋገርበት አልቀረም።

እነሱም እንደኛ ሃምሳ ቀን ያከብራሉ፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ። በጾማቸው ወቅት ሃሌ ሉያ አይሉም፣ ትንሣኤ ላይ ይመለሳል፣ ከዛ ቄሷ ሃሌ ሉያ ክርስቶስ ተነሥቷል ሲሉ ህዝቡ ጌታ በእውነት ተነሥቷል ሃሌ ሉያ ይላል፣ የኛን ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን የሚለውን መቀባበል የለመደ ሰው ወዲያው ነው የሚገባው። ከመሠዊያው አጠገብ ትልቅ ሻማ ታያላችሁ፣ የፋሲካ ሻማ ነው፣ ሃምሳውን ቀን በየቅዳሴው ይበራል። ከትንሣኤ ቀጥሎ ባለው እሁድ በየአመቱ የሚነበበው ስለ ቶማስ የሚናገረው የወንጌል ክፍል ነው፣ ጣቴን ካላገባሁ ያለበት ማለቴ ነው። እኛስ ዳግም ትንሣኤ ላይ የምንሰማው እሱን አይደል? ዘንድሮ ደግሞ የነሱ የቶማስ እሁድ የዋለው በኛ ፋሲካ ቀን ኤፕሪል 12 ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በነዚህ እሁዶች ከብሉይ ፈንታ የሐዋርያት ሥራ ነው የሚነበበው፣ ንባባቸው በሶስት አመት ይዞራል፣ በአንዱ አመት ፋሲካን ጨምሮ ሲቆጠር አምስተኛው እሁድ ላይ ምእራፍ 8 ይደርሳል፣ የኛ ጃንደረባ! በ2024 ኤፕሪል 28 ነበር የደረሰው፣ እኛ በዚያው ቀን ሆሳዕና ነበርን። እኔ እዛ ቁጭ ብዬ ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ በእንግሊዝኛ እነሆ የኢትዮጵያ ሰው ብላ ስታነብ እጄ ላይ ጠዋት ከኛ ቤተክርስቲያን ያሰርኩት የዘንባባ ቀለበት ነበር፣ እንባዬ መጣ። በ2027ም ኤፕሪል 25 ላይ እንደገና ይገጥማል፣ የነሱ ጃንደረባ የኛ ሆሳዕና። ከአሁኑ ለቄሷ ብትነግሯቸው ንባቡን በግዕዝ አንብቡልን ሊሏችሁ ሁሉ ይችላሉ።

ሜይ 10 የጠሯችሁ ሮጌሽን ሰንዴይ የሚሉት ነው። ከዚህ እሁድ ቀጥለው ከዕርገት በፊት ያሉት ሶስት ቀናት ስለ ምድር ፍሬ የሚጸለይባቸው ናቸው፣ ድሮ እንግሊዝ አገር ገበሬው የደብሩን ወሰን እየዞረ ነበር የሚጸልየው፣ አሁን ግቢውንና ሰፈሩን ይዞራሉ። ጸሎት መጽሐፋቸው ላይ ሶስት ጸሎት አለ፣ አንዱ ስለ ምርት፣ አንዱ ስለ ሥራና ንግድ፣ አንዱ ስለ ፍጥረት እንክብካቤ። ሰልፍ ነው፣ መስቀል ከፊት፣ ልጆች ከኋላ፣ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዕለቱ እዚህ የእናቶች ቀንም ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ይመጣል።

ቁርባን ላይ፣ የተጠመቀ ሁሉ ይቅረብ ብለው ይጋብዛሉ። መቅረብ ግዴታ አይደለም፣ ቁጭ ብትሉ ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም። ሴት ቄስ ለሚከብደው ሰው ደግሞ፣ እነሱ ከ1976 ጀምሮ በህጋቸው የተቀበሉት ነገር ነው፣ ተከራክራችሁ የምትለውጡት አይደለም፣ ሰላምታ ሰጥታችሁ ማለፍ ይበቃል። ምን ብዬ ልጥራዎት ብለሽ ጠይቂያቸው፣ አንዳንዷ ማዘር ትላለች፣ አንዳንዷ በስሟ ጥሩኝ ትላለች።

ዲያቆን_ዘሰሜን

እህታችን እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ጥያቄሽ የብዙዎቻችን ነው። ሰበካ ጉባኤያችሁ ውስጥ የፈሩትን ወንድሞች አክብራችሁ ስሙ፣ ያለ ምክንያት አይደለም የፈሩት። ግን ሁለት ነገር እንለይ፣ አብሮ መቁረብ ሌላ ነው፣ አብሮ መብላትና ጎረቤትን ማመስገን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን አናደርግም፣ ምስጢር በአንድ እምነት ነው። ሁለተኛውን ግን የሚከለክል ቀኖና እኔ አልተማርኩም፣ እንግዳ መቀበልና እንግዳ ሆኖ መሄድ ከአብርሃም የተማርነው ነው። ከሁሉ በፊት ግን አስተዳዳሪያችሁን አባን ጠይቁ፣ በፎረም መልስ ተነስታችሁ እንዳትሄዱ።

ደግሞ በዚህ ወቅት ከነሱ ጋር የሚያገናኘን ነገር ብዙ ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና አርብም አንጾምም፣ ስግደትም የለም። በ325 ዓ.ም. ኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በሃያኛው ቀኖና በእሁድና በሃምሳው ቀን ቆመን እንድንጸልይ አዝዘዋል። እነሱም ጋ ብዙ ቦታ በዚህ ወቅት መንበርከክ ትተው ቆመው ነው የሚጸልዩት። ቅዳሴያቸው መሃል ሰላም መለዋወጥ አለ፣ ሁሉም ዞሮ እጅ ይጨባበጣል፣ እኛ ዲያቆኑ ተአምኁ በበይናቲክሙ ሲል እጅ እንደምንነሳሳው ነው፣ አትደንግጡ።

ስለ ምድር ፍሬና ስለ ዝናም እኛም በየቅዳሴው እንጸልያለን። ሜይ 9 ደግሞ ግንቦት 1 ነው፣ ልደታ! የችግኙ ቀን ልደታ ላይ ነው የዋለው። አገር ቤት ሰፈርተኛው ደጅ ወጥቶ ንፍሮ የሚቀቅልበት ቀን አይደል? ንፍሮ ቀቅላችሁ ብትሄዱ ምን ይላችኋል?

ከባሮ_ወንዝ

እኔ የጋምቤላ ልጅ ነኝ፣ አኙዋ፣ ያደግኩት አንግሊካን ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው። ኤጲስኮፓል ማለት የአንግሊካን ቤተሰብ የአሜሪካው ክፍል ነው። አንዳንድ ሀበሻ ይሄ የፈረንጅ ብቻ ሃይማኖት ይመስለዋል፣ ጋምቤላ ክልል ውስጥ ግን በአኙዋም በኑዌርም ቋንቋ የሚያመልኩ ብዙ የአንግሊካን አጥቢያዎች አሉ፣ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞችም ጋ አለ፣ አዲስ አበባም ቅዱስ ማቴዎስ አለ። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን ፊላደልፊያ ላይ ጥቁሮች የመሰረቱት የቅዱስ ቶማስ ኤጲስኮፓል በ1794 የተከፈተ ነው፣ እስከዛሬ አለ። ኤ ኤም ኢ (አፍሪካን ሜቶዲስት ኤጲስኮፓል) ከሚባለው ጋር ግን እንዳታምታቱት፣ እሱ ሜቶዲስት ነው።

እናቴ የእናቶች ህብረት ውስጥ ነበረች። ፋሲካ ካለፈ በኋላ እነሱ እረፍት የላቸውም፣ ወዲያው የታመመ ጥየቃ፣ የወለደች ጥየቃ ይጀምራል፣ ዝናቡ ደግሞ እየመጣ ስለሆነ የጎረቤት ጣራ የሚታይበት ጊዜ ነው። አበባ የተሸከሙት ሴትዮ ታሪክ ላይ እናቴን አየኋት። እህቴ የምለምንሽ፣ አዳራሹ ውስጥ ስትገቡ ሀበሻ ለብቻው አንድ ጠረጴዛ እንዳይዝ። እኔ ሚኒሶታ ስመጣ የመጀመሪያውን አመት ኮፊ አወር ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ሲጠጣ ማለት ነው፣ ኩባያ ይዤ ግድግዳ ጋ ነበር የምቆመው፣ ሰው ስለጠላኝ አይደለም፣ ምን ብለው እንደሚጀምሩ ስላላወቁ ነው። ተበታትናችሁ ተቀመጡ፣ ልጆቹ ያስተረጉማሉ።

ጀበና_በስደት

እኔ ሃይማኖቱን ለአዋቂ ትቼ የኩሽናውን ልንገርሽ፣ ሁለት ጊዜ ሰርቼዋለሁ።

ቡናውን ውጪ ቁዪው! የመጀመሪያ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ቆልተን አላርሙ ጮኸ፣ ፋየር ትራክ መጣ፣ ያን ቀን ያፈርኩትን አልረሳውም። ደጅ ላይ ቆልተሽ፣ ሽታው ሰልፉን ሲጨርሱ እንዲቀበላቸው አድርጊ፣ ከዛ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍይው። ዕጣንም ደጅ ይሁን፣ አስም ያለው ሰው አይጠፋም። ረከቦቱን፣ ቄጠማውን ውስጥ አድርጉት፣ ቄጠማ ባይገኝ ከግቢያቸው ሳር እንጨድ ብላችሁ አስፈቅዱ፣ ደስ ነው የሚላቸው።

ምግብ ላይ፣ ጾም ስላልሆነ ዶሮውም ቅቤውም ይሄዳል፣ ግን እያንዳንዱ ሳህን ላይ ምን እንዳለበት ጽፋችሁ ለጥፉ፣ ለውዝ፣ ወተት፣ ስንዴ። እንጀራውን ጤፍ ነው ግሉተን የለውም ብላችሁ እንዳትናገሩ፣ እዚህ የሚሸጠው ብዙው ስንዴ ወይ ገብስ ተቀላቅሎበታል፣ ሰው ይታመማል። አልጫ አብዙ፣ ቀይ ወጡን ለብቻው። ድፎ ዳቦ ከሁሉ በፊት ነው የሚያልቀው፣ ሶስት አድርጉት።

ለችግኝ ሽያጩ ደግሞ በባዶ እጅ አትሂዱ፣ የጎመን ችግኝ፣ ቃሪያ፣ በሶብላ በፕላስቲክ ኩባያ አፍልታችሁ ውሰዱ፣ ሁለት ሳምንት ስለቀረ ዘሩን ዛሬውኑ መሬት አስነኪው፣ ቃሪያውና በሶብላው ባይደርሱ ጎመኑ ብቅ ይላል። ጤና አዳም ያላችሁ ካላችሁ እሱንም፣ ግን ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሀይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ልጆች እንዳይነኩት ንገሩ።

የሰንበቴ_ልጅ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም፣ አንድ ሰው ይመልስልኛል ብዬ ነበር የጻፍኩት። ዲያቆን እንዳሉት አባን ደወልኩላቸው፣ ሂዱ አሉ፣ ቁርባኑ ላይ ሳይሆን ሰልፉ ላይ ድረሱ፣ እኔም ለቡናው እመጣለሁ አሉ። ኪራይ እንከፍላለን ያሉት ወንድማችን ደግሞ የአበባውን ነገር አያውቁትም ነበር ለካ፣ ስነግራቸው ዝም አሉ፣ ማታ ደውለው ጎመን አለኝ ጓሮዬ ነቅዬ አመጣለሁ አሉኝ።

ልደታ ላይ ንፍሮውን እኔ እቀቅላለሁ፣ ስንዴና ሽንብራ። ለእኚያ እናት ለብቻ አንድ ሳህን አስቀምጣለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ ስድሳ ሰው ይሆናሉ ብለውናል፣ ስንት ጀበና ይበቃል?

ጀበና_በስደት

ትልቁ ጀበና አስራ ሁለት ስኒ ካወጣ አምስት ይዘሽ ሂጂ፣ ሁለቱ ሁልጊዜ እሳት ላይ ይሁኑ። ፈረንጅ አቦል ጠጥቶ የሚነሳ ስለሚመስለው ሶስት ጊዜ እንደሚጠጣ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ስኒ ካነሰሽ በግል ጻፊልኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ አርባ ስኒ አለኝ።